ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር፦ ይሁን ወይስ ይቅር? (ክርክር)

የሰሚት እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቁርጥራጭ እያደረግኩ የነገርኳችሁን ዛሬ ሙሉውን ልጻፈውና እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ሦስተኛ ክፍል ነበረች። "ነበረች" ያልኩት ከጥቅምት ወዲህ ትምህርት ቤት ስለማትሄድ ነው። የዘንድሮ ክፍያ የደሞዜን እኩሌታ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ሰርቪሱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይወስዳታል፣ ማታ 11 ሰዓት ይመልሳታል። ከዚያ ሁለት ገጽ የቤት ሥራ ይዛ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። የቆረጥኩት ግን ደብተሯን ያየሁ ቀን ነው፤ አንድ አንቀጽ ከመጽሐፉ ስትገለብጥ ሁለት መስመር ዘላለች፣ መምህሩ ሳያነበው ራይት አድርጎበታል።

የሂሳብ ሥራ ነው የምሠራው፣ ከቤት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። ከመስኮታችን ሥር ሁለት በአምስት የምትሆን፣ ፌስታልና ጠጠር የሞላባት መሬት ነበረች። ጠርገን ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ተከልንባት፤ ድንቹ በማዳበሪያ ከረጢት ነው። ሃይላንዱን ከወገቡ ቆርጠን ችግኝ እናፈላበታለን፤ የድንች ልጣጩ፣ የቡና አተላው፣ የእንቁላል ቅርፊቱ ብስባሽ ይሆናል። ልጄ ስፋት ማስላት የተማረችው መደቡን በገመድ ለክታ ነው። ከልዋጭ ሴትዮዋ ጋር በአንድ አሮጌ ጂንስና በሁለት ሹራብ ሳፋ ለማግኘት የተከራከረችውን ብታዩ!

ጎመኑን ክሽክሽ ሲወረው ደግሞ አሥር ቅጠል መርጣ በእያንዳንዱ ላይ ስንት እንዳለ ቆጥራ ጻፈች። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ በውሃ ዘፍዝፈን ከመርጨታችን በፊት 214፣ ከሳምንት በኋላ 37። የደብተሩን ፎቶ አያይዤዋለሁ።

በ2015 የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ያ ሁሉ ልጅ 12 ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ! የቻለ ወላጅ ልጁን ቤት ቢያስተምር ነውሩ ምን ላይ ነው?

ሦስተኛ ፎቅ፦
ስለ ትምህርቱ ሌሎች ይናገሩ። እኔ የምጠይቀው መሬቷ የማን ናት ነው። የኛም ሕንፃ ግራውንድ ላይ ያሉ ሰዎች በቆርቆሮ አጥረው ጎመን ተከሉ፤ ዘንድሮ በር ሠርተው ቁልፍ አንጠለጠሉበት። የ1995ቱ የጋራ ሕንፃ አዋጅ 370 የጋራ መጠቀሚያ የሚባል ነገር አለው፤ ግራውንድ የደረሰው ዕጣ ወጣለት እንጂ ግቢ አልተመራም። ብስባሹስ? ሽታው ወደ ላይ ነው የሚወጣው እህቴ። ዝንቡን እኔ ጋ ነው የምትልኪው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ከጋራው ሮቶ ጎመን ይጠጣል ወይ?

የሰሚት እናት፦
አላጠርኩም። ሰላጣው ለደረጃው ሰው ሁሉ ነው፤ ያልወሰደ የለም። የማጠጣው በልብስ እጣቢ ውሃ ነው፣ የመጨረሻው እጣቢ። ስለ ሽታው... እሺ፣ እሱ ላይ እውነትህን ነው። ክዳን የለውም።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ 31 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁና በቅንነት አንብቢኝ።

3.2 በመቶውን ለአንቺ ምስክር አድርገሽ ጠርተሽዋል፤ እኔ ግን ለኔ ነው የሚመሰክረው እላለሁ። በ2015 የተፈተኑት ልጆች በ2012 ስንተኛ ክፍል ነበሩ? ዘጠነኛ። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። "ቤት ሆነው ይማሩ" ተባለ። በቴሌግራም ወርክሺት ላክን፣ በሬዲዮ አስተማርን፤ ከዚያ ፈተና ሳይቀመጡ ወደ አሥረኛ አለፉ። ለውድቀታቸው ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ኩረጃ ሲከለከል የተገለጠ የቆየ ገመና አለበት። ነገር ግን ሀገሪቱ በሙሉ ልጅ ቤት ስታስተምር ምን እንደሚመስል ያየነው ያኔ ነው። የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ ተመለሰ። የሌለው በዚያው የቀረ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ በከተማችን ስድስተኛ ክፍል ላይ ፈተና አለ፣ ስምንተኛ ላይም አለ። የሚያስመዘግበው ትምህርት ቤቱ ነው። የልጅሽን ስም ማን ያስገባዋል?

አንድ ነገር ደግሞ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። "ክሽክሽ" ብሎ የጻፈው እጅ የ9 ዓመት ልጅ እጅ አይመስለኝም። ድምሩን የሠራሽው አንቺ ነሽ?

የሰሚት እናት፦
ኧረ እኔ እርሳስም አልነካሁም ጋሼ። ልጄ ናት።

በቴሌግራም ወርክሺት መላክ ደግሞ ቤት ማስተማር አይደለም፤ ትምህርት ቤቱን ወደ ስልክ መገልበጥ ነው። በዚያ ጊዜ እኔም ነበርኩ። በቀን 14 ፎቶ ይመጣልኛል፣ አትሜ፣ አስሠርቼ፣ መልሼ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ። እሱን ከዚህ ጋር አታወዳድሩብኝ።

የአሌክሳንድሪያው፦
ከቨርጂኒያ ነኝ። እኛ ስድስት ዓመት ቤት አስተምረናል፤ ባለቤቴ ናት ያስተማረችው፣ እኔ ታክሲ ነበር የምነዳው። እዚህ ሕጋዊ ነው፤ በሁሉም ስቴት ይፈቀዳል፣ አሠራሩ ግን ይለያያል። በኛ በኩል እስከ ኦገስት 15 ለወረዳው ትምህርት ኃላፊ ደብዳቤ ታስገቢያለሽ፣ የምታስተምሪውን ትዘረዝሪያለሽ። ለወላጁ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ ይበቃዋል። በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጁ ለመሻሻሉ ማስረጃ ታቀርቢያለሽ፤ ወይ የፈተና ውጤት ወይ የገምጋሚ ደብዳቤ። ካላቀረብሽ ፈቃዱ ሊነሳ ይችላል።

ያተረፍነው አማርኛውን ነው። ሁለቱም ልጆቼ ያነባሉ፤ የጓደኞቼ ልጆች "እናቴ" ብለው መጻፍ አይችሉም። ጓሮም ነበረን፤ ባለቤቴ የሀበሻ ጎመን ዘር ከአዲስ አበባ አስመጥታ... እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

የከሰርነውን ደግሞ ልንገርሽ፣ ሰው ይደብቀዋል። ባለቤቴ ስድስት ዓመት ደሞዝ አላገኘችም። ወደ ሥራ ልትመለስ ስትል ከሷ በኋላ የተቀጠሩት አለቃ ሆነው ጠበቋት። ልጄ ደግሞ 14 ሲሞላው አንድ ቀን ሳህን እያጠበ "አባዬ፣ እኔ ጠላት እንኳን የለኝም" አለኝ። በዚያው መስከረም ሃይስኩል ገባ።

ፍራንክፈርት፦
እዚህ ጀርመን ቢሆን ክርክሩ አንድ መስመር ነበር፤ ክልክል ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የመገኘት ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 እምቢ ያሉ ወላጆችን አራት ልጆች ባለሥልጣናት ከቤት ወስደው ለሦስት ሳምንት አቆይተዋቸዋል። ወላጆቹ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2019 ጥር ላይ ጀርመን መብታቸውን አልጣሰችም ተብሎ ተፈረደ። እኔ ልጅን ከእናቱ ጉያ መንጠቁ አይዋጥልኝም። ምክንያታቸው ግን ይገባኛል፦ ልጁ የማይመስለውን ሰው አይቶ ይደግ ነው።

ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት አትክልት ቦታ አለው። ካሮት ይዘራሉ። የወረቀቱን፣ የፕላስቲኩን፣ የምግቡን ቆሻሻ ለየብቻ ነው የሚጥሉት። ባዶ ሃይላንድ ሱቅ ስትመልስ 25 ሳንቲም ይከፈላታል፤ በዚያ ነው መደመር የወደደችው። ስለዚህ እህቴ፣ ጎመኑ ከትምህርት ቤት መቅረትን አልጠየቀም። ወላጆች ተሰባስባችሁ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መደብ አስቆፍሩ።

የሰሚት እናት፦
ወንድሜ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ግቢ የሚባለው ሰው መኖሪያ የነበረ ቪላ ነው፤ ሲሚንቶ ከዳር እስከ ዳር። በዕረፍት ሰዓት በፈረቃ ነው የሚወጡት። ካሮቱን የት ልዝራው፣ ጣሪያው ላይ?

የየኔታ ተማሪ፦
"ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ መማር የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ሳይመጣ ልቅደም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዛፍ ሥር ነው። ከፊደል አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ደወል የለ፣ ዩኒፎርም የለ። የበረታው ይቀድማል፣ የቀደመው የኋላውን ያስቀጽላል። እዚህ ያለነው የብዙዎቻችን አያቶች የተማሩት እንዲህ ነው።

ግን ልብ በሉልኝ፣ ያ ትምህርት የቤት አልነበረም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ቅኔ የፈለገ ልጅ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከእናቱ ይጠፋል፤ አገር አቋርጦ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ለምኖ ይማራል። እናት ፈልጋ ብታገኘው እንኳ እንዳትመልሰው ይደበቃል። የኛ ሰው ልጅ ከእናቱ ካልራቀ ሊቅ አይሆንም ብሎ ነው ያመነው። እኔ አስከፊነቱን ቀምሼዋለሁና ልጄን አልልከውም። የአባቶቻችን ወግ ነው ብላችሁ ግን ለሰሚት እናት እንዳትጠቅሱላት።

ሦስተኛ ፎቅ፦
እኔ ግን እስካሁን ስለ ብስባሹ መልስ አላገኘሁም።

የአሌክሳንድሪያው፦
ክዳን፣ ከላዩ ደረቅ ቅጠል ወይ የእንጨት ብናኝ፣ የምግብ ትራፊና ሥጋ አለመጨመር። ከሸተተ እርጥበቱ በዝቷል ማለት ነው። በቃ።

ደግሞ ብስባሹን አታንቋሽሽ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው፤ የት እንደሚሄድም ታውቃለህ። በ2009 መጋቢት 2 ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ነው የሞተው፤ አብዛኞቹ እዚያው ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ። እዚህ ሆነን ስናለቅስ ነበር። አንድ ቤት የድንች ልጣጩን እቤቱ ቢያስቀር ያ ተራራ አያንስም፤ ልጅቷ ግን ልጣጩ የት ይሄድ እንደነበር አውቃ ታድጋለች።

የሞጣ ልጅ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ ገበሬ ቤት ነው ያደግኩት። ስፋት በጥማድ አውቃለሁ፣ ክሽክሽንም በጓያው ላይ አውቀዋለሁ። አመድ ነበር የምንነሰንስበት። ሰብል ስንጠብቅ፣ ከብት ስናግድ የዋልንበትን ቀን ግን "የቤት ውስጥ ትምህርት" አላልነውም፤ መቅረት ነው ያልነው። መምህሩ ስም ሲጠራ "የለችም" ይባል ነበር። አሁን በኛ በኩል በጦርነቱ ምክንያት በሮቻቸው የተዘጉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ልጆቹ በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት። ሁሉም ቤታቸው ናቸው፣ ሁሉም ጓሮ አላቸው። ስለዚህ "ጓሮው ያስተምራል" ስትሉ ትንሽ ያመኛል።

አሁን የሰሚት እናትን ልጠይቅ፣ በክፋት አይደለም። አንቺ የሰው ሂሳብ ስትዘጊ፣ ስብሰባ ላይ ስትሆኚ፣ ልጅሽ ከማን ጋር ናት?

የሰሚት እናት፦
ከሠራተኛዬ ጋር። ምን ችግር አለው? እንደ እህቷ ናት።

የሞጣ ልጅ፦
ዕድሜዋ?

የሰሚት እናት፦
17።

የሞጣ ልጅ፦
ስንተኛ ክፍል ናት?

ፍራንክፈርት፦
ኧረ ጥያቄው ከርዕሱ ወጣ። ስለ ልጇ ነው የምንከራከረው።

የሞጣ ልጅ፦
አልወጣም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። ስለ አንዷ ብቻ ክርክር ከፈትን።

ሦስተኛ ፎቅ፦
ይሄኛው እውነት ነው።

የየኔታ ተማሪ፦
የኔም ቤት ያለችው 16 ነው የምትለው። ትምህርቷን ጠይቄ አላውቅም። ልጥፋ መሰለኝ።

(በማግስቱ)

የሰሚት እናት፦
ትናንት የጠፋሁት ተናድጄ ነው። አልዋሽም፣ "እናንተ ሠራተኛ የላችሁም?" ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ።

ጋሼ የጠየቁኝን ማታ ልጄን ጠየቅኳት። "ክሽክሹን ማን ጻፈው?" ስላት ምንም ሳይመስላት "እኔ ቅጠሉን እይዛለሁ፣ እሷ ትቆጥርና ትጽፋለች፣ እኔ ይታክተኛል" አለችኝ። መደቡን በገመድ የለካችውም እሷ ናት፤ ልጄ የገመዱን ጫፍ ይዛ ቆማ ነበር። ለኔ ያሳየችኝ ልጄ ስለሆነች የልጄ መሰለኝ። ሠራተኛዬን ስጠራት ያጠፋች መስሏት እጇን እየጠራረገች መጣች። "ደብተሩን ያበላሸሁባት እንደሆነ እገዛላታለሁ" ነው ያለችኝ። ስድስተኛን ጨርሳ ነው የመጣችው። እኔ ቤት ሁለት ዓመቷ ነው። አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

ስለ ልጄ ገና አልወሰንኩም። ከሰኞ ጀምሮ ትመለስ የሚለውን ባለቤቴም ይዞታል፣ እኔ ግን ያንን ራይት የተደረገበትን አንቀጽ ሳስበው እንደገና ደሜ ይፈላል። ለሠራተኛዬ ግን በሰፈራችን የማታ ሰባተኛ ክፍል የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ካርዷ ሀገሯ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ፦
የማታ የሚያስተምር አንድ አውቃለሁ፣ በውስጥ እልክልሻለሁ። ለብስባሹ ክዳን አደረግሽ?

የሰሚት እናት፦
አሮጌ የቡና ረከቦት ደፍቼበታለሁ። ለጊዜው ይበቃል።

ጡረተኛ መምህር፦
ካርዱን ከተማረችበት ትምህርት ቤት በመሸኛ ያስልኩ፤ ሀገር ቤት ሰው ካለ ሄዶ ይጠይቅላት፣ በስልክ አይሆንም። ካርዱ ቢዘገይም እስከዚያው እንድትቀመጥ ርዕሰ መምህሩን ለምኚ፣ ደብተሩንም ይዘሽ ሂጂና አሳዪው። አሥሩን ቅጠል እኔም ደምሬዋለሁ፤ 214 ልክ ነው።