የዕቅድ ውይይት፦ ኤክስቲውን ኔትወርክ ላይ ማውጣት (ረቂቅ 2)

ጸሐፊ፦ ረቂቁን ደግሜ ለጥፌዋለሁ። ለኤግዚቢሽኑ ቀን ኤክስቲው (የድሮው ኮምፒውተራችን) ኔትወርክ ላይ ይወጣል። መሃል ላይ ራስቤሪ ፓይ (ትንሿ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር) ይገባል። በኤክስቲው በኩል፣ ዶስ ላይ፣ ኤምቲሲፒና ኤተርስሊፕ የሚባሉት የኔትወርክ ፕሮግራሞች፤ በፓይው በኩል ስሊፕ (ኔትወርክን በሲሪያል ገመድ የሚያሳልፍ ዘዴ)። ዋይፋዩንም ምስጠራውንም ፓይው ይሸከማል። አስተያየት እስከ ዓርብ። እንዳለፈው በመጨረሻው ሌሊት እንዳትመጡብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝናው የሚችለው አንድ ዕቃ ነው። ወይ ፓይ፣ ወይ የኔትወርክ ካርድ። ባለ 8 ቢት ስሎት ላይ የሚሰራ ካርድ እንዳለ አውቃለሁ። ለምን እሱ አይሆንም?

የብየዳ ክፍል፦ ካርዱ ገመድ ያገናኛል እንጂ ኤችቲቲፒኤስ (የድረ ገጾችን ምስጠራ) አይፈታም። 4.77 ሜጋኸርዝ የሆነ 8088 ፕሮሰሰር የዛሬውን ምስጠራ እስኪፈታ ቁጭ ብለን ልንጠብቅ ነው? ለማንኛውም ፓይ ያስፈልጋል።
ደግሞ ማንም የፓይውን ፒን በቀጥታ ሲሪያል ፖርቱ ላይ እንዳይሰካ። ፓይው የሚችለው 3.3 ቮልት ነው። ከኤክስቲው የሚመጣው በፖዘቲቭም በኔጋቲቭም እስከ 12 ቮልት ይደርሳል። ወዲያው ነው የሚቃጠለው። መሃሉ ላይ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ማክስ3232 ቺፕ ይገባል። ቦርዱን እኔ እበይዳለሁ፣ እሁድ ይደርሳል። ፊቱ ላይም 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ አወጣና አረንጓዴ መብራት አስገባለሁ። ዳታ ሲያልፍ ብልጭ ይላል።

ንብረት ክፍል፦ ፊቱ አይበሳም።

የብየዳ ክፍል፦ 5 ሚሊሜትር ናት።

ንብረት ክፍል፦ ግማሽም ብትሆን አይበሳም። መዝገቡ ላይ "ያልተነካ" ተብሎ የተጻፈለት ማሽን እሱ ብቻ ነው።

የብየዳ ክፍል፦ ያልተነካ? ፓወር ሰፕላዩን ማን ቀየረው? ሃርድ ዲስኩስ? ከውስጡ የድሮ የቀረው አቧራው ነው።

ንብረት ክፍል፦ ውስጥና ፊት አንድ አይደለም። ያንተን ፊት እንብሳው?

ሰብሳቢ፦ ኧረ ተው።

አዲስ አባል፦ መብራቱ ባይኖርስ?

ነባር አባል፦ እኔ ከንብረት ክፍል ጋር ነኝ። ቺፕ ይነቀላል፣ ገመድ ይነቀላል። ቀዳዳ ግን አይነቀልም። ባለፈው ማሽን ላይ ምን እንደተደረገ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የብየዳ ክፍል፦ ጋሼ፣ እሱን እኔ አልበሳሁትም! ስንቴ ነው የምናገረው? በነፃ እየሰራሁ ደግሞ ልሰደብ? በቃ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ሰብሳቢ፦ ማንም አልሰደበህም። ሁለተኛው የፍሎፒ ቦታ ባዶ አይደል? የሱን ክዳን ብሱት። ክዳን ይተካል።

ንብረት ክፍል፦ ክዳን ከሆነ አልቃወምም።

የብየዳ ክፍል፦ ይሁን። ተናድጄ ነው። ቺፑን ወስጃለሁ፣ እሁድ።

ሰብሳቢ፦ ክዳኑ የታለ?

ንብረት ክፍል፦ ዕቃ ስናዛውር ጠፍቷል። ማን እንደጫነው ሁላችንም እናውቃለን፣ ስም አልጠራም።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን ከሆነ በግልጽ ተናገር። የጫንኩት በካርቶን ታሽጎ ነው። የዝርዝሩ ወረቀት አሁንም እኔ ጋ አለ፣ ክዳን የሚል ቃል የለበትም።

ጸሐፊ፦ ወደ ረቂቁ እንመለስ። ፍጥነቱን ስንት ላድርገው? በሰከንድ 115200 ቢት ብዬ ነበር።

አዲስ አባል፦ የሲሪያል ቺፑ 8250 ነው። የሚይዘው አንድ ባይት ብቻ ነው። ቀጣዩ ሳይደርስ ፕሮሰሰሩ ካላነሳው ይጠፋል። ከ9600 ጀምረን ቀስ በቀስ እንጨምር። በዚያ ፍጥነት በሰከንድ 960 ባይት ገደማ ነው፤ 1 ሜጋባይት ከ18 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ፓይው ሥዕሉን ሁሉ ጥሎ ጽሑፍ ብቻ ያሳልፍ።

ጸሐፊ፦ 9600 ብያለሁ። ክዳኑስ?

ነባር አባል፦ በስሪዲ ፕሪንተር ይታተም።

ንብረት ክፍል፦ በምን ቀለም? ማሽኑ ቢጫ ሆኗል። በቢጫ ፊት ላይ ነጭ ክዳን አዲስ የተተከለ ጥርስ ነው የሚመስለው።

ነባር አባል፦ እንግዲያው ፊቱን እናንጣው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማውጣት ነው።

ንብረት ክፍል፦ ካልተስተካከለ ዥጉርጉር ያደርገዋል። ቢሆንም ከቀዳዳ ይሻላል። ለዚህ እኔ ራሴ እቆማለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፐርኦክሳይድና የክዳን ሕትመት ከሆነ የፓይው ገንዘብ አለቀ።

ሰብሳቢ፦ የብየዳ ክፍል፣ እሁድ አለፈ። ቦርዱ ከምን ደረሰ?

ሰብሳቢ፦ የብየዳ ክፍል?

ሰብሳቢ፦ ስልኩም አይነሳም። ቺፑ እሱ ጋ ነው።

አዲስ አባል፦ ትናንት ማሽኑ ጋ ነበርኩ። የራሴን ፓይ ይዤ ሄድኩ፣ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያም ነበረኝ። እሱ ቮልቴጁን ስለሚችለው ቦርድም ብየዳም አልፈለገም። መጀመሪያ ዝም አለኝ። ገመዱ ቀጥታ ነበር፤ ላኪና ተቀባዩ የሚሻገሩበት ነል ሞደም ገመድ ሲሆን ፒንግ (የግንኙነት ሙከራ) መለሰ። አንድ ገጽም ከፍቻለሁ። ምንም አልተበሳም። ዝርዝሩን ለጸሐፊ ልላክ?

ንብረት ክፍል፦ ማሽኑ ጋ ከነበርክ የባዶውን ቦታ ስፋት ለክተሃል?

ነባር አባል፦ ቁመቱንም።

አዲስ አባል፦ አልለካሁም።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 ተለጥፏል። ርዕሱ "የኤክስቲው ፊት እድሳት" ተብሏል። አንደኛ ማንጣት፣ ሁለተኛ ክዳን። ኔትወርኩ ገንዘብ ከተረፈ በሚል ሦስተኛ ላይ ገብቷል። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ገንዘብ ያዥ፦ ገንዘብ አይተርፍም።

አዲስ አባል፦ እየሰራ እኮ ነው።

ነባር አባል፦ ከማንጣቱ በፊት ዓርማው ይነቀል ወይስ እንዳለ ይቀባ?

ንብረት ክፍል፦ ዓርማው አይነካም።