የወንድሜ አፍ ቆስሏል፣ እናቴ ምች ነው ትላለች፤ መድኃኒቱ ይሆን እንዴ?

ጠያቂዋ፣ ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት፣ ካርባማዜፒን ከጀመረ 16 ቀኑ ነው። ከትናንት ወዲያ አተኮሰው። ትናንት ዓይኑ ቀላ፣ ዛሬ ደግሞ ከንፈሩና የአፉ ውስጥ ቆስሎ ውሃ እንኳ መዋጥ አቃተው። ደረቱ ላይ መሀላቸው ጠቆር ያለ ቀያይ ነገሮች ወጥተዋል፣ ስነካው ያቃጥለኛል ይላል። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችው። ኪኒኑን እናቁም? ካቆምን ደግሞ ቢጥለውስ? ነገ ጠዋት ደሴ ልንወስደው አስበናል።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ደሴ፦
እህቴ ነገ አትበይ፣ አሁኑኑ ቅርብ ያለው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የማታውን ኪኒን አትስጡት። ምች ከንፈር ዳር ይወጣል እንጂ ዓይን፣ አፍና ደረት ባንዴ አይይዝም። ይሄ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም የሚባለው የመድኃኒት አለርጂ ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚመጣው፣ የሱም 16ኛው ቀን ነው። ቆዳው መላጥ ከጀመረ እንደ ቃጠሎ ቁስል ነው የሚታከመው፣ ለዚህ ነው ሰዓቱ የሚያሳስበኝ። ስለ መጣሉ የፈራሽው ልክ ነው፣ ግን ምትኩን ሐኪም ይምረጥ። ቤት ፌኖባርቢታል የሚባለው ሌላው የሚጥል በሽታ ኪኒን አለ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳትሰጡት፣ እሱም ፌኒቶይን የሚባለውም ያንኑ ነገር ሊያስነሱ ይችላሉ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ፣ ሌላ ምንም አትቀቡት፣ በንጹህ ነጠላ ሸፍናችሁ ውሰዱት። የኪኒኑን ማሸጊያ ያዙ።

ከሸዋ በር፦
አብሽሪ እህቴ፣ እኔ በዚህ አልፌያለሁ። ለሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ኮትሪሞክሳዞል ወስጄ በ9ኛው ቀን ጀመረኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ኩፍኝ ነው ብሎ መለሰኝ፣ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም መናገር እንዳለብኝ አላወቅኩም፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ያንኑ ኪኒን እየዋጥኩ ቤት ተኛሁ። ጀርባዬ ከአንሶላው ጋር እየተላጠ ነበር። ቆዳዬ ዳነ። ዓይኔ ግን እስከ ዛሬ ይደርቃል፣ ያለ ጠብታ አልውልም። ስለዚህ ገና ስትገቡ የዓይን ሐኪም ይየው በሉ፣ ቆዳው ላይ ብቻ አትኩሩ። ከዳነም በኋላ የመድኃኒቱን ስም ካርድ ላይ አስጽፉለት፣ እኔ ከመታወቂያዬ ጋር ነው የምይዘው።

ከቦሩ ሜዳ፦
የጉበትና የኩላሊት ምርመራም ይሠሩለት። አባቴ ለሪህ አሎፑሪኖል ጀምሮ በ5ኛው ሳምንት ፊቱ አብጦ፣ መላ ሰውነቱ ቀልቶ ነበር፣ እኛ ቆዳው ላይ ስናፈጥ የተጎዳው ጉበቱ ሆኖ ተገኘ።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ደሴ፦
ትክክል። ሲረጋጋ ደግሞ ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት እንዲያደርጉ ጠይቂ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ጎረቤት መኪና አስነስቶልን ከደረስን ሁለት ሰዓት ሆነን። ማሸጊያውን ሳሳያቸው ወዲያው አልጋ ሰጡት፣ ግሉኮስ ተክለውለታል። ለዓይን ሐኪሙም ተደውሏል፣ እየጠበቅን ነው። እናቴ ዳማከሴው ነው ያባባሰው ወይ ብላ እያለቀሰች ነው፣ ምን ልበላት?

ከሸዋ በር፦
ዳማከሴው አይደለም በያት። ከኪኒኑ ነው የመጣው። ዱዓ ታድርግለት፣ እኛም እናደርጋለን።