ጥቆማ፦ ለሥራም ለሩጫም የሚሆን አውቶማቲክ ካምቢዮ የት ይታደስ?

«በሥራ ቀን ብሎኬት የምታመላልስ፣ በዕረፍት ቀን የምትሮጥ ፒክአፕ ካምቢዮዋ ማን ጋ ታደሰ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በአንድ ላይ ልመልስ። አንድ ስም ጠርቼ ብገላገል ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን የእኔን ካምቢዮ አንድ ቤት አልሠራውም። ሸራው (ማርሹን አጥብቆ የሚይዘው የሰበቃ ሳህን) ከአንድ ቦታ፣ እጁ ከሌላ ቦታ፣ ቶርኖው ከሦስተኛ፣ ዘይቱ ከአራተኛ ነው የመጣው። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ጋራዥ አበላሽቶት ነበር። ስለዚህ ጥቆማዬ የሚጠቅመው ሥራውን ከፋፍሎ ለማሠራት ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። ጠዋት ቁልፍ ሰጥቶ ማታ መኪናውን መረከብ የሚፈልግ ሰው እዚህ ብዙ አያገኝም።

መኪናዋ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ የራሷ አይደለም፤ ከዱባይ የመጣ 2.5 ሊትር ባለ ተርቦ የቶዮታ 1ጄዜድ ነው። ካምቢዮው የጃፓኑ አይሲን የሚሠራው የኤ340 ቤተሰብ፣ ባለ አራት ማርሽ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ይኸው ቤተሰብ በሱፕራም፣ በሰርፍም፣ ኤደብሊው4 ተብሎ በጂፕ ቸሮኪም ገብቷል። የአንዱ ዕቃ ሁሉ ለሌላው ይገጥማል ማለት አይደለም፤ ቢሆንም ሸራና ጎሚኒ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገው ላስቲክ) ስትፈልጉ የምትጠይቁት ሱቅ ይበዛላችኋል። የምንሮጠው ባለቤቱ በፈቀደልን የተዘጋ ግቢ ውስጥ ነው። የድራግ ውድድር ሙሉ ርቀቱ 402 ሜትር ነው፤ እኛ ግን ግማሹን ሮጠን ፍሬን እንይዛለን። ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ ለሚሮጡት ግን መልስ የለኝም፤ አይጠይቁኝም።

መጀመሪያ ካምቢዮው በእርግጥ መፈታት ይኑርበት አይኑርበት እወቁ። ባለፈው ወር አንድ ወንድም «ካምቢዮዬ ይንሸራተታል፣ ስንት ብር ልያዝ?» ብሎ መጣ። ኮፈኑን ከፍተን ከነዳጅ መርገጫው ጋር አብሮ የሚሳበውን የካምቢዮ ገመድ አየን። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የዘይቱን ግፊት የሚወስነው ያ ገመድ ነው። ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በገመዱ ላይ ያለው ምልክት ከሽፋኑ ጫፍ መራቅ የሚገባው ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የእሱ የጣት ስፋት ያህል ላልቶ ነበር። ግፊቱ ሲያንስ ሸራዎቹ አጥብቀው አይያዙም፤ ይንሸራተታሉ፣ ከዚያም ይቃጠላሉ። በጊዜ ስለደረስን ገመዱን አስተካክለን ሸኘነው። ማርሽ አልቀይር ሲልም እንዲሁ መጀመሪያ ሶሌኖይዶቹን (ማርሽ የሚያስቀይሩትን የኤሌክትሪክ ቫልቮች) በቴስተር መለካት ነው፤ ጤነኞቹ ከ11 እስከ 15 ኦም ያነባሉ። ይህን ሁሉ ለማየት ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ምንም ሳይለካ «ይፈታ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

መፈታቱ ካልቀረ፣ በመሀል አዲስ አበባ አብዛኛው ሰው የሚመክራችሁ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ እንድትገዙ ነው። ለሥራ መኪና መጥፎ ምክር አይደለም፤ ቶሎ ይገጠማል፣ አንዳንዴም ከማሳደስ ይረክሳል። እኔም ሁለት ጊዜ ዞሬ አይቻለሁ። ለሩጫ ግን አልገዛም፤ ውስጡን ያላየሁትን ሸራ ሞተሩን በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ይዤ ለቅቄ ልፈትነው አልፈልግም። በፀሐይ ላይ የከረመ ካምቢዮ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፤ ገጥማችሁ ደስታችሁን ሳትጨርሱ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ሻጩ «ገጥመህ ሞክረው፣ ካልሠራ መልሰው» ይላል። ቃሉን ያከብራል እንበል፤ የማውረጃውንና የመግጠሚያውን የእጅ ዋጋ ሁለቴ የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ። የግድ ከሆነባችሁ ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ይፈታ። ኮፓው ውስጥ ባለው ማግኔት ላይ ስስ ግራጫ ዝቃጭ ቢኖር የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቅ ስባሪ ወይም ቢጫ የነሐስ ቅንጣት ካለ ግን ሌላ ሰው ይግዛው። ኮፓ አላስፈታም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትጨቃጨቁ፤ ቀጣዩ ሱቅ አሥር እርምጃ አይርቅም።

አሁን ወደ ደረሰብኝ በደል። የመጀመሪያውን እድሳት የሠራልኝ ጋራዥ ታዋቂ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሸራዎቹን ቀየረ፣ ሳጥኑን ዘጋ፣ ገንዘቡን ተቀበለ። በሦስተኛው ሳምንት አሥር ኩንታል ሲሚንቶ ጭኜ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ሁለተኛው ማርሽ ጠፋ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ቆማለች፣ ከኋላዬ ያለው አውቶቡስ ጥሩምባውን አልለቅም ብሏል። ሲፈታ የታየው ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው ብልሽት የተረፈው ስባሪ ራዲያተሩ ውስጥ ባለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተቀምጦ ከርሞ፣ ከአዲሱ ዘይት ጋር ተመልሶ ገብቷል። ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ለካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክብ ዕቃ) ጭራሽ አልተነካም፤ ውስጡ ጥቁር ነበር። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ግራሶው ነው። ሲገጣጥሙ ትንንሾቹን ኩሽኔታዎች በቦታቸው ለማጣበቅ የተጠቀሙት ተራ ግራሶ ነበር። ግራሶ በካምቢዮ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ እየተንሳፈፈ ሄዶ ፊልትሮውንና የቫልቩን ቀጫጭን መንገዶች ይደፍናል። የሚገባው ቫዝሊን ነው። አዎ፣ ያው ለቆዳ የምንቀባው፤ እሱ ይሟሟል።

ሁለተኛውን የሠሩልኝ ላንቻ አካባቢ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ሥራ ሞልቶባቸዋል። መለኪያ ዘንጉን መዝዘው አፍንጫዬ ሥር አደረጉትና «ልጄ፣ አሽትተው። ይህ ዘይት አይደለም፣ ሸራ ነው» አሉኝ። ከዚያ በፊት ዘይት ማሽተት እንደ ምርመራ አይመስለኝም ነበር፤ አሁን ያገለገለ መኪና ሳይ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው። እያንዳንዱን ክፍል በወጣበት ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። አዲሶቹን ሸራዎች ከመግጠማቸው በፊት በካምቢዮ ዘይት ነከሯቸው፤ ደረቅ ሸራ በመጀመሪያው ርግጫ ይቃጠላል። የእያንዳንዱን ሸራ ድርድር ክፍተት በቅጠል መለኪያ ለኩ፣ ጻፉ፣ እንደገና ለኩ። ለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ሄደ፤ የከፈልኩት የእጅ ዋጋም ከመጀመሪያው ጋራዥ እጥፍ ነው። አልቆጨኝም።

ሌላ መካኒክ ለምትመርጡ የምመክረው፣ ስንት ካምቢዮ እንደሠራ አትጠይቁት፤ ሁሉም ብዙ ይላችኋል። ማቀዝቀዣውን ምን እንደሚያደርገው ጠይቁት። ኩሽኔታውን በምን እንደሚያጣብቅ ጠይቁት። ኮንቨርተሩ ወደ ፓምፑ በትክክል መግባቱን በምን እንደሚያውቅ ጠይቁት። የሚያውቅ ሰው «እያሽከረከርኩ ስገፋው ደረጃ በደረጃ እየዘለቀ ይገባል፤ ከሞተር ጋር ሲገጠምም ቡሎኑ ከመጥበቁ በፊት በእጅ በነፃነት መዞር አለበት» ይላችኋል። ያልገባውን ኮንቨርተር በቡሎን ስበው የሚያስገቡ አሉ፤ ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ይሰበራል።

መለዋወጫውን በተመለከተ፣ የሻንሲ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ከቶዮታው ወኪል ከሞኤንኮ ጀምሩ፤ ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር ይዞ ገበያ መውጣት ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። የእኔ ሞተር የሌላ መኪና ስለሆነ ሻንሲው አልረዳኝም፤ ካምቢዮው ላይ ካለው ሰሌዳ ነው የተነሣሁት። ሶሌኖይድ፣ ፊልትሮና ጎሚኒ የፋብሪካው ቢሆን እመርጣለሁ። መርካቶ ውስጥ ተመሳሳዩ በርካሽ አለ፤ ነገር ግን የአንድ ጎሚኒ ዋጋ አትርፎ ካምቢዮ ሁለቴ ማውረድ ምን ይባላል? ለሩጫ የሚሆኑትን ሸራዎች ግን እዚህ አላገኘሁም። ሬይቤስቶስ ወይም አልቶ የሚባሉትን የሸራ ምርቶች ካሻችሁ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ለምኑ፤ ቀላል ናቸው። ከዚያው ጋር የትራንስጎን የቫልቭ ማስተካከያ ብታስመጡ መልካም ነው፤ ማርሹ ሲገባ ፈጥኖና አጥብቆ ይይዛል፣ ለጭነትም ይጠቅማል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሎ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ሳይጠይቁ የሚወጣ በጀት ተረት ነው፤ ዋጋውን ጠይቃችሁ ሳምንት ሳይሞላ ግዙ።

ቶርኖ ቤት ላይ ቅሬታም ምስጋናም አለኝ። መርካቶ ያሠራሁበት ቤት ኮንቨርተሩን በንጽሕና ቆርጦ፣ አጥቦ፣ በይዶ መልሷል። ነገር ግን ሲሽከረከር ሚዛኑን የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም። ለሥራ መኪና ይበቃል። 6,000 ዙር ለሚደርስ ሞተር ግን አይበቃም፤ ካሶኒው ድረስ ተንቀጠቀጠብኝና በመጨረሻ የታደሰ ኮንቨርተር ከውጭ አስመጣሁ። ስታስመጡ ከፍታችንን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ታልፋለች፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ፍሬን ተይዞ ነዳጅ ሲረገጥ ኮንቨርተሩ የሞተሩን ዙር የሚገታበት ቁጥር ደግሞ እንደ ሞተሩ ጉልበት ነው። ውጭ አገር ያለ ሻጭ «ይህ 2,800 ዙር ነው» ቢላችሁ፣ የእሱ 2,800 እዚህ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ያንን ስትፈትኑም ከ5 ሴኮንድ በላይ አትርገጡ፤ ዘይቱ በዚያች ቅጽበት ይፈላል።

የመጀመሪያውን ብራችሁን ግን የምታወጡት ማቀዝቀዣ ላይ ይሁን። ከሸራም፣ ከኮንቨርተርም በፊት። የካምቢዮ ዘይት በ80 ዲግሪ አካባቢ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል፣ እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ አንድ ሰዓት እየቆሙ መሄድ ከሩጫው ይብሳል፤ ነፋስ የለም፣ ያለውም አየር ስስ ነው። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት የራሱ ማራገቢያ ያለው የተለየ ማቀዝቀዣ አስገጥሙ። ያገለገለ ካምቢዮ ግዙ ብዬ ልመክር እችላለሁ፤ ያገለገለ ማቀዝቀዣ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። የማን ስባሪ ውስጡ እንዳለ አታውቁም። የሙቀት መለኪያም ዳሽቦርድ ላይ ይኑር።

ዘይት፦ ካምቢዮው የሚጠይቀውን ዓይነት አንብቡ። የዚህ ቤተሰብ አሮጌዎቹ ዴክስሮን፣ የኋለኞቹ ቶዮታ ቲ-4 ይጠጣሉ፤ አትደባልቁ። የታሸገውን ከነዳጅ ማደያ ወይም ከወኪሉ ግዙ። ከበርሜል ተቀድቶ በሃይላንድ የሚሸጠው ቀይ ስለሆነ ብቻ የካምቢዮ ዘይት አይደለም። ኮፓ ከፍቶ ማፍሰስ ከዘይቱ ጥቂቱን ብቻ እንደሚያወጣም አትዘንጉ፤ የቀረው በአብዛኛው ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው።

አሮጌ ሼቭሮሌት ፒክአፕ ይዞ ካምቢዮዋን ልቀይር ወይ ላለ ወንድማችን፦ ቲኤች400 የሚባለው ካምቢዮ ካለህ አትቀይረው። ከ1964 ጀምሮ የተሠራ፣ ባለ ሦስት ማርሽ፣ ኮምፒውተር የማይፈልግ ጠንካራ ሳጥን ነው፤ ለ402 ሜትር ከዚህ የተሻለ ጥቂት ነው። ጉድለቱ ኦቨርድራይቭ (በረጅም መንገድ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ማርሽ) የለውም፤ አዳማ ድረስ ሞተሩ እየጮኸብህ ትደርሳለህ። እሱ ካስቸገረህ አራተኛ ማርሽ የተጨመረለት ልጁ 4ኤል80ኢ አለ፤ እሱ ግን በኤሌክትሪክ ስለሚታዘዝ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ይጨመርበታል። የሁለቱንም ዕቃ እዚህ ከተማ ሲገኝ አላየሁም፤ ሁሉም በሻንጣ ነው።

የእኔ አሁን አራተኛ ወሩን ይዟል። ባለፈው እሑድ ያንኑ አሥር ኩንታል ጭኜ፣ በዚያው የእንጦጦ ዳገት ወጣሁ፤ የሙቀት መለኪያው 94 ዲግሪ ላይ ቆመ። በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ቀይሬ ማግኔቱን አይቻለሁ፤ ስስ ግራጫ ብቻ። የድሮዎቹ የተቃጠሉ ሸራዎች አሁንም ካሶኒው ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት ናቸው፤ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት የተቃጠለ ሸራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ይጻፍልኝ፣ አሳየዋለሁ።