አነስተኛ ሚረርለስ ወይስ መካከለኛ ዲኤስኤልአር? ለሰርግና ለምርቃት የቱን ልግዛ?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ፎቶ የማነሳው ሐዋሳ ላለ አንድ ስቱዲዮ ተቀጥሬ ነው። ካሜራውም የእነሱ ነው። አሁን የራሴን ሥራ ልጀምር ስለሆነ ካሜራ መግዛት አለብኝ። ሥራዬ በብዛት ሰርግ፣ መልስ፣ ምርቃትና ልደት ነው። አልፎ አልፎ ለሱቆች አጫጭር ቪዲዮ እሠራለሁ፣ ለቲክቶክና ለቴሌግራም የሚሆን።

ሁለት ምርጫ አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ለፋሲካ ከሜሪላንድ ይመጣል፤ አዲስ ካኖን አር50 (ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት የሌለው) ከ18-45 ሌንሱ ጋር ላምጣልሽ ብሎኛል። እዚሁ ከተማ ደግሞ አንድ ሰው ያገለገለ ካኖን 80ዲ (ዲኤስኤልአር፣ መስታወት ያለው) ይሸጣል። ከ18-135 ሌንስ፣ ከ50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ፣ ከሁለት ባትሪና ከጎዶክስ ፍላሽ ጋር ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ከዚህ በላይ የምጨምረው ገንዘብ የለኝም።

አር50 ትንሽና ቀላል ነው። 80ዲ ደግሞ እጄ የለመደው ነው፤ ስቱዲዮ የምሠራው በእሱ ነው። ጓደኞቼ «በዚህ ዘመን ዲኤስኤልአር ይገዛል እንዴ?» እያሉ ግራ አጋቡኝ። የሠራችሁበት እስኪ ምከሩኝ።

ቀራጭ

እህቴ፣ ዓይንሽን ሳታሺ አር50ን ውሰጂ። 80ዲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፣ አር50 በ2023። የሰባት ዓመት ልዩነት ፎከሱ ላይ ይታያል። ሙሽሮቹ እስክስታ ሲወርዱ አር50 ዓይናቸውን ይዞ ይከተላል፤ ሰውየው ጥግ ላይ ቢቆምም አይለቀውም። 80ዲ በቪውፋይንደር (ዓይንሽን አስጠግተሽ በምታዪበት መስኮት) ስታዪ 45 የፎከስ ነጥብ አለው፣ ግን መሀል አካባቢ የተሰበሰቡ ናቸው። ዓይን መርጦ መያዝ የሚባል ነገር የለም።

ለቪዲዮ ደግሞ አይወዳደሩም። አር50 4ኬ ይቀርጻል፣ 80ዲ ከ1080 አያልፍም። «ቲክቶክ 1080 ይበቃዋል» የሚልሽ ይኖራል። እውነት ነው፣ ግን አንድ ነገር አስቢ። በ4ኬ አግድም የቀረጽሽውን ወደ ቁም ስትቆርጪው 1215 በ2160 ይተርፍሻል፤ ለቲክቶክ ከበቂ በላይ ነው። በ1080 የተቀረጸውን እንዲሁ ብትቆርጪው ስፋቱ 607 ብቻ ይቀራል። ብዥ ይላል። በአንድ ቀረጻ ዩቲዩቡንም ቲክቶኩንም ታወጪያለሽ ማለት ነው።

ጋሼ ስቱዲዮ

ልጄ፣ እኔ ከፊልም ዘመን ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ቀራጭ ያለው ስለ ቪዲዮ ልክ ነው። አንቺ ግን እንጀራሽ ሰርግ ነው ብለሻል። እንግዲያው ስለ ሰርግ እናውራ።

አዳራሽ ውስጥ ማታ ምን እንደሚገጥምሽ ታውቂዋለሽ። ከአር50 ጋር የሚመጣው ሌንስ 45 ላይ ስትደርሺ የሚከፈተው እስከ 6.3 ብቻ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)። ሻጩ የሚሰጥሽ ባለ 50ው 1.8 ይከፈታል። ይህ 12 እጥፍ ያህል ብርሃን ነው። በአንደኛው አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበት መጠን) 12800 ላይ የምታነሺውን በሌላኛው 1000 አካባቢ ታነሺዋለሽ። ደንበኛ ደግሞ አልበሙ ላይ የካሜራውን ዓመተ ምርት አያይም፤ የሙሽራዋ ፊት ጥርት ማለቱን ነው የሚያየው። ሌንስ የሌለው አዲስ ቦዲ (ካሜራው ብቻውን) ዕቃ የሌለው ኩሽና ነው።

ባትሪም አለ። 80ዲ በአንድ ሙሌት በካኖን መለኪያ 960 ፎቶ ይሄዳል። አር50 በቪውፋይንደሩ ስታነሺ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በእርግጥ ተከታታይ ስታነሺ ሁለቱም ከዚህ በላይ ይሄዳሉ። ግን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ቀን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል፣ ማታ አዳራሽ የሚዞር ሰው በመሀል መብራት ቢጠፋ ምን ውስጥ እንደሚገባ እናውቃለን።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም። እኔ እዚህ ሜሪላንድ የአበሻ ሰርግ አነሳለሁ። አር50 አለኝ፣ ለጉዞ እወደዋለሁ። ነገር ግን አንድ ማንም የማይነግርሽ ጉዳይ አለ፤ ፍላሽ።

አር50 አናት ላይ ያለው የፍላሽ መሰኪያ አዲሱ ዓይነት ነው። እንደ ጎዶክስ ያለ የተለመደ ፍላሽ በቀጥታ አይሠራበትም። ኤዲ-ኢ1 የሚባል የካኖን አዳፕተር መሀል መግባት አለበት። ለብቻው ነው የሚገዛው። ብዙ ሰው ካሜራው እጁ ከገባ በኋላ ነው የሚያውቀው። ለሰርግ ያለ ፍላሽ የትም አትሄጂም፤ አብሮት ያለችው ትንሿ ፍላሽ ለልደት ኬክ ካልሆነች አትረባም።

ወንድምሽ አር50 ካመጣልሽ ደግሞ መጀመሪያ ሜኑ ገብተሽ የቪዲዮ ሲስተሙን ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ቀይሪው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ ሀገር 50። ሳትቀይሪ በሰከንድ 30 ፍሬም አዳራሽ ውስጥ ብትቀርጪ መብራቱ ይርገበገብብሻል። 25 ፍሬም፣ የሹተር ፍጥነት 1/50 አድርጊው። ቻርጀሩ በ220 ቮልት ይሠራል፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ዋስትናው ግን የአሜሪካ ነው።

ብርቄ

ሁለቱንም ተዪና ሶኒ 6400 ፈልጊ። ሌላው ድካም ነው።

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብርቄ፣ ሶኒ ጥሩ እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ ግን በእጄ ያለው ምርጫ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የፍላሹን ነገር ጭራሽ አላውቅም ነበር። ጋሼ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዲኤስኤልአር ምርቱ እየቆመ ነው ይባላል። ዛሬ 80ዲ ገዝቼ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌንሶቹ ብረት ሆነው ቢቀሩስ? ሌላው የሚያሳስበኝ ነጭ ቀሚስ ነው። ቀን ፀሐይ ላይ ሐበሻ ቀሚስ ሳነሳ ወይ ልብሱ ይቃጠላል ወይ ፊቱ ይጠቁራል። ሚረርለስ ይህን ያስቀራል ይላሉ፤ እውነት ነው?

ጋሼ ስቱዲዮ

ስለ ምርቱ የሰማሽው ልክ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጣም። ግን የኢኤፍ ሌንስ (80ዲ ላይ የሚገባው ዓይነት) እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ያገለገለው በየቦታው አለ። ነገ ወደ ሚረርለስ ስትሄጂ በአዳፕተር አዲሱ ካሜራ ላይ ይገባል፣ ፎከሱም ይሠራል። በተቃራኒው ግን አይሆንም፤ የሚረርለሱ የአርኤፍ ሌንስ 80ዲ ላይ አይገባም። ስለዚህ ሌንሱ ብረት ሆኖ አይቀርብሽም።

የቀሚሱን ነገር ቀራጭ ይመልስልሽ፤ እዚህ ላይ እሱ ይበልጠኛል።

ቀራጭ

ጋሼ ዛሬ ምን ነካዎት! እሺ።

እህቴ፣ ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል። ልብሱ ግራጫ ይሆናል፣ ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ያን ለማረም ብርሃን ስትጨምሪ ጥበቡ ይቃጠልና ጥልፉ አይታይም። በሚረርለስ ቪውፋይንደር የምታዪው የሚወጣውን ፎቶ ነው ማለት ይቻላል። ሳትጫኚ በፊት ፊቷ መጥቆሩን አይተሽ ታስተካክያለሽ። በ80ዲ የምታዪው በመስታወት የመጣውን እውነተኛውን ብርሃን ነው። ስህተቱን የምታውቂው ካነሳሽ በኋላ ነው።

በ80ዲም መላ አለው። የተቃጠለ ቦታ ሲኖር ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ማስጠንቀቂያ ክፈቺ። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሺ። ለልብሱ ለክተሽ ፊቱን በፍላሽ ሙይው ወይም ጥላ ፈልጊ። ሐይቁ ዳር ዛፍ አልጠፋም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ተክሊል የምታነሺ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ቅዳሴ ላይ የሹተር ድምፅ ይረብሻል፤ አር50 ያለ ድምፅ ማንሳት ይችላል። ግን መቅደሱ ውስጥ የኤልኢዲ መብራት ካለ በዚያ ዘዴ ፎቶው ላይ ጥቋቁር መስመሮች ሊወጡ ይችላሉ። ሻማና የመስኮት ብርሃን ከሆነ ችግር የለውም። 80ዲም ድምፁን ቀነስ የሚያደርግ የሹተር ምርጫ አለው። ጭራሽ አይጠፋም፣ ግን ካህኑ ዞር ብለው አያዩሽም።

ጥገና ቤት

እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ ያ 80ዲ ደህና ነው ወይ? ካሜራ ጠጋኝ ነኝ። ከመክፈልሽ በፊት እነዚህን አድርጊ።

ካሜራውን ይዘሽ ወደ ደጅ ውጪ። የሌንሱን መክፈቻ ቁጥር 16 ላይ አድርገሽ ሰማዩን አንሺና ፎቶውን አጉልተሽ እዪ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ይህ አያስፈራም፣ ይጸዳል። በአፍሽ ግን እንዳትነፊበት። ምራቅ ከአቧራ የባሰ ነው።

ቀጥሎ የፎከስ ፈተና። ጠረጴዛ ላይ አምስት ሲኒ በሰያፍ ደርድሪ፣ አንዱ ከአንዱ ትንሽ ወደ ኋላ እያለ። 50ውን ሌንስ 1.8 ላይ አድርገሽ፣ አንድ ሜትር ተኩል ርቀሽ፣ በቪውፋይንደር መሀለኛው ሲኒ ላይ ፎከስ አድርጊ። ደጋግመሽ አንሺ። ጥርት ያለው ሁልጊዜ ከፊቱ ያለው ሲኒ ወይም ከኋላው ያለው ከሆነ ፎከሱ ተዛብቷል። ከዚያ በስክሪኑ እያየሽ ያንኑ ድገሚ። በስክሪኑ ትክክል ሆኖ በቪውፋይንደሩ ከተዛባ 80ዲ ሜኑ ውስጥ ማስተካከያ አለው። ገንዘብ አይጠይቅም። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅምሻል። በነገራችን ላይ ይህ ችግር ሚረርለስ ላይ የለም፤ ፎከሱን የሚለካው ራሱ ሴንሰሩ ነው።

ሌንሶቹን በስልክ መብራት ከኋላ እያበራሽ ውስጣቸውን እዪ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ ሐይቅ አካባቢ ዕቃ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ሲከርም ይመጣል። ሻጋታ ካለው ያን ሌንስ አትውሰጂ።

የሹተሩን ቁጥር (ካሜራው እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ) ሻጩ «ትንሽ ነው» ይልሻል። ካኖን ፎቶው ፋይል ላይ ስለማይጽፈው በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተሽ በፕሮግራም ነው የምታዪው። 80ዲ የተሠራው ለ100,000 ነው። ከዚያ በላይ የሚሄድ አለ፣ ቀድሞ የሚሞትም አለ። 80,000 ያለፈ ከሆነ ዋጋ አስቀንሺ።

ባትሪዎቹ ኦሪጅናል መሆናቸውንም እዪ። ያበጠ ባትሪ ከገባ በኋላ አልወጣም እያለ ብዙ ካሜራ መጥቶብኛል።

ቀራጭ

ይህን ሁሉ ጣጣ ያየ ሰው አዲስ አይገዛም?

ጥገና ቤት

አዲስ ይግዛ። ፍላሽና ሌንስ የሚገዛበት ገንዘብ ካለው።

ቀራጭ

እዚህ ላይ አልከራከርም። ቪዲዮው ዋና ሥራዋ ቢሆን ኖሮ ግን አንድም እርምጃ አልመለስም ነበር። ክብደቱንም አትርሱ፤ 80ዲ ያለ ሌንስ 730 ግራም ነው፣ አር50 375። ሌንስና ፍላሽ ሲጨመርበት ማታ ላይ የእጅ አንጓ ያስለቅሳል።

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ሄጄ አየሁት። ሰማዩ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ አለ፣ ሻጩም አላስተባበለም። በሲኒው ፈተና 50ው ሌንስ በቪውፋይንደር ትንሽ ወደ ኋላ ይስታል፣ በስክሪን ግን ልክ ነው። 18-135ቱ ንጹሕ ነው። አንዱ ባትሪ ኦሪጅናል አይደለም። ይህን ሁሉ ስዘረዝርለት ሰውየው «አንቺ ልጅ ጠጋኝ ነሽ እንዴ?» አለኝና ዋጋ ቀነሰልኝ።

80ዲውን ልወስድ ነው። የመጀመሪያው ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ያለ ፍላሽ መግባት አልችልም። ወንድሜን ካሜራው ይቅርና ምን ያምጣልኝ? የተረፈው ገንዘብ ብዙ አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አንድ ኦሪጅናል ኤልፒ-ኢ6 ባትሪና ሜሞሪ ካርዶች። ከታወቀ ሱቅ ይግዛቸው፤ ኦንላይን የሐሰት ሜሞሪ ሞልቷል። 64 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ 8 ብቻ የሆነ አለ፤ ሲሞላ የቀደመውን ፎቶ ያበላሻል። አዳፕተር አሁን አያስፈልግሽም።

ጋሼ ስቱዲዮ

ሜሞሪው አንድ ትልቅ ከሚሆን ሦስት ባለ 32 ይሁን። 80ዲ የሚይዘው አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ አር50ም እንደዚያው ነው። ቀኑን ሙሉ በአንዱ አንስተሽ እሱ ቢበላሽ ሰርጉ ሁሉ ሄደ ማለት ነው። ተክሊሉ ሲያልቅ ቀይሪ። ከሐይቅ ስትመለሱ ቀይሪ። አዳራሹን በሦስተኛው።

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

እሺ ጋሼ። ያወጣሁትን ካሜራ ቦርሳው ውስጥ ላድርገው?

ጋሼ ስቱዲዮ

ኪስሽ ውስጥ፣ ዚፕ ያለው ይሁን። አዳራሽ ውስጥ ቦርሳ የሚይዝልሽ ሰው አይኖርም።