28 ጌተርና ሴተር በእጅ ልጻፍ ወይስ ሎምቦክ ይጻፍልኝ?

ማታ ኮደር፦
ሰላም ጓዶች። ጃቫ ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው። ለሰፈራችን እቁብ በስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ማዕቀፍ) ትንሽ አፕ እየሠራሁ ነው። ጸሐፊዋ እናቴ ናት፤ ደብተሩ ተበጣጥሶ አለቀ።

«አባል» የሚለው ክላስ 14 ፊልድ (መረጃ መያዣ) አለው። ጌተርና ሴተሩ (አንዱ ፊልዱን ያነባል፣ ሌላው ይቀይራል) ብቻ 28 ሜተድ! በፊት ኢንተሊጄይ (ኮድ መጻፊያው) ላይ አልትና ኢንሰርት ተጭኜ አስወጣቸው ነበር። ከዚያ ስልክ ቁጥሩን ከኢንት ወደ ስትሪንግ ቀየርኩ (የ09ዋ ዜሮ እየጠፋች አስቸግራኝ)፣ ጌተሩንም ሴተሩንም እንደገና መነካካት መጣ።

የሥራ ባልደረባዬ «ሎምቦክ አስገባና ተገላገል» አለኝ፤ እነዚህን ሜተዶች ራሱ የሚያመጣ የጃቫ ላይብረሪ ነው። ክላሱ አናት ላይ @ዳታ አደረግኩ። ፋይሉ እፍኝ አከለ፣ ደስ አለኝ። ግን አንድ አባል ሎግ ላይ ላትም ስል ስታክ ኦቨርፍሎው ኤረር! ሪከርሽን (ራሱን መልሶ የሚጠራ ሜተድ) የሚባል ነገር አልጻፍኩም እኮ።

ነጠላ ሰረዝ፦
«እቁብ» ውስጥ የአባላት ሊስት አለህ፣ «አባል» ውስጥ ደግሞ እቁቡ፣ አይደል? @ዳታ ጌተርና ሴተር ብቻ አይደለም የምትሰጥህ። ቱስትሪንግ፣ ኢኩዋልስና ሃሽኮድም ታመጣለች። አባሉ ሲታተም እቁቡን ይጠራል፣ እቁቡ አባላቱን፣ እነሱ መልሰው እቁቡን። ስታኩ እስኪሞላ ይዞራሉ።

@ዳታን አንሳና @ጌተር እና @ሴተር ብቻ አድርግ። ሃሽኮዱም (ከፊልዶቹ የሚሰላው ቁጥር) ኢንቲቲ (ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጥ ክላስ) ላይ ጣጣ ነው። አይዲው ሴቭ እስኪደረግ ነል (ባዶ) ነው። ሃሽሴት (በሃሽኮድ የሚፈልግ ስብስብ) ውስጥ ከተህ በኋላ ሴቭ ብታደርገው ሃሽኮዱ ይቀየራል። አባሉ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ሴቱ «የለም» ይልሃል። እኔ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

(ሎምቦክ በጃቫ ደሴት ቋንቋ ቃሪያ ማለት ነው። አቃጠለህ።)

አጭር መልስ፦
ከጃቫ 16 ጀምሮ ሪከርድ (የፊልድ ማንበቢያውን ራሱ የሚያመጣ አጭር ክላስ) አለ። ሎምቦክ ምን ያደርጋል?

ነጠላ ሰረዝ፦
ለኢንቲቲ አይሆንም። ሃይበርኔት (ክላሱን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው) ባዶ ኮንስትራክተር ይፈልጋል፣ የሪከርድ ፊልዶች ደግሞ ፋይናል (የማይቀየሩ) ናቸው። ወደ ስልኩ ለሚላከው ዳታ ግን ቆንጆ ነው።

የድሮ ሰው፦
ልጄ፣ ማን ይጻፈው የሚለው ቀላሉ ነው። መጀመሪያ ነገር 14ቱም ሴተር ያስፈልጋቸዋል? «ጠቅላላ የከፈለው» የሚል ፊልድ እንዳለህ እገምታለሁ። እናትህ ደብተሯን ላጲስ ይዞ ለመጣ ሁሉ ትሰጣለች? አትሰጥም። ክፍያ ይመዘገባል፣ ድምሩ ይከተላል። አንተም «ክፍያ መዝግብ» የሚል ሜተድ ጻፍ፣ ብሩ ከዜሮ በታች መሆኑን እዚያው ያጣራ። ለዚያ ፊልድ ሴተሩን በሎምቦክ አክሰስ ሌቭል ነን («አታውጣ» ማለት ነው) ዝጋው። ሃይበርኔት እንዳይናደድ ብለህ አትስጋ፤ የአይዲው አኖቴሽን (የ@ ምልክቱ) ፊልዱ ላይ ካለ በሴተር አይገባም።

ኢንተሊጄይም ሎምቦክም ያዘዝካቸውን ይጽፋሉ። ይሄ ለምን ብለው አይጠይቁህም።

ማታ ኮደር፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። የድምሩን ሴተር ስዘጋው ኮዱ ሦስት ቦታ ቀላ (ስህተት አለ አለኝ)። ሁለቱ ቴስት ናቸው። ሦስተኛው የራሴው ኮድ፦ ቅጣት ስመዘግብ ድምሩን በቀጥታ የምቀንስበት። እናቴ ባለፈው ሳምንት «አንድ ሰው ላይ 200 ብር ጎደለብኝ» እያለች ስትደምር አምሽታ ነበር። የቅጣቱ ልክ 200 ነው። ሄጄ ልንገራት።