መንግሥት የእርዳታ ቃሉን እንዲጠብቅ ማኅበራችን ለእንግሊዝ ፓርላማ ተወካያችን የሚልከው ደብዳቤ፦ የዕቅድ ውይይት፣ ረቂቅ 2

ጸሐፊ፦ ረቂቁን ከላይ ለጥፌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። የሀብታም አገሮች እርዳታ ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶ ይሁን የተባለው በ1970 በተባበሩት መንግሥታት ነው። እንግሊዝ የደረሰችበት ገና በ2013 ነው፤ በ2015 ሕግ አደረገችው። በ2021 ወደ 0.5 አወረደችው። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2027 ወደ 0.3 እንደሚወርድ ተናገሩ፤ የሚቀነሰው ለመከላከያ ይውላል። በተባበሩት መንግሥታት ከባድ ድህነትን እናጠፋለን የተባለው እስከ 2030 ነው። እዚህ ግብር እንከፍላለን፣ እንመርጣለን። ስለዚህ መጠየቅ እንችላለን። አስተያየት እስከ እሁድ።

ነርሷ፦ ስለ አገር ቤት የሚለው አንቀጽ ቀጭን ነው። ሴፍቲኔት በ2005 ሲጀመር ከለጋሾቹ አንዷ እንግሊዝ ነበረች። ዝናብ ሲቀር ገበሬው በሬውን ሸጦ እንዳይበላ የተደረገ ነገር ነው፤ ይጻፍ። የሕፃናቱም ይጻፍ። በ1990 በኢትዮጵያ ከሺህ ሕፃናት ከ200 በላይ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2012 ወደ 70 ገደማ ወረደ። ያን ጊዜ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ግብ እስከ 2015 ሁለት ሦስተኛውን መቀነስ ነበር፤ ቀድመን ደረስን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ነው። ደብዳቤው የለማኝ እንዳይመስል፤ ገንዘቡ ምን እንደሠራ ይናገር።

ኦዲተር፦ ይዘቱ ይቆየን። ማኅተም አለው?

ጸሐፊ፦ ማኅተሙ የት እንዳለ ታውቃለህ።

ኦዲተር፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የጠየቅሁት። ማኅተም የሌለው ወረቀት የማኅበር ደብዳቤ አይባልም።

የወጣቶች ክፍል፦ ጋሼ፣ እዚህ አገር ማኅተም የሚጠይቅ የለም። የተወካዩ ቢሮ መጀመሪያ የሚያየው ፖስት ኮድ ነው። የምርጫ ክልላቸው ነዋሪ ካልሆንክ መልስ አይሰጡህም። ሁላችንም በየስማችን፣ በየአድራሻችን እንላክ። ክብደት የሚኖረው ያ ነው።

ኦዲተር፦ በየስማችን ከሆነ ማኅበሩ ለምን ተቋቋመ?

መሥራች አባል፦ ማኅተሙን ያሠራነው ከኪሳችን አዋጥተን ነው። ከምርጫው ማግስት ጀምሮ የቀድሞው ሊቀመንበር ቤት ተቀምጧል። ሒሳቡን አስረከቡ፣ ቁልፉን አስረከቡ፣ ማኅተሙን ግን አላስረከቡም። ይህን ሳንጨርስ ለማንም ደብዳቤ አንጽፍም።

የወጣቶች ክፍል፦ ስለ ድህነት ነው እኮ የምናወራው!

መሥራች አባል፦ እኔም ስለ ማኅበሩ ነው የማወራው።

ታክሲ ነጂው፦ የማኅበር ንብረት ይዞ መቀመጥ ሌብነት ነው። ሌላ ስም የለውም።

የሴቶች ክፍል፦ ይህን ቃል አንሳ። አበልጄ ናቸው። ሴት ልጄን ክርስትና ያነሱ ሰው ናቸው። ማኅበሩ ቤት ባልነበረው ጊዜ ሳሎናቸውን የሰጡት ማን ሆነና ነው? አንተ ያኔ አልነበርክም።

ታክሲ ነጂው፦ አልነበርኩም። መዋጮ ግን እከፍላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ የአራት ወር ቀርቶብሃል።

ጸሐፊ፦ እባካችሁ ወደ ረቂቁ እንመለስ። የሕግ ተማሪው አንድ ነገር አምጥቷል።

የሕግ ተማሪው፦ የ2015ቱ ሕግ አልተሻረም፤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ግቡ ሳይሟላ ሲቀር ሚኒስትሩ ምክንያቱን ለፓርላማ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ ሕጉ ያስቀመጠው ተጠያቂነት ይህ ብቻ ነው። በ2021 ፓርላማው ቅነሳውን 333 ለ298 በሆነ ድምፅ ሲያጸድቀው ወደ 0.7 መመለሻ ሁለት ሁኔታዎች ተቀምጠዋል፦ መንግሥት ለዕለት ወጪው መበደር ሲያቆም፣ ዕዳውም መቀነስ ሲጀምር። ስለዚህ «እርዳታው ለምን ተቀነሰ» ብለን አንጩህ። «መቼ ትመለሳላችሁ? በየትኛው ዓመት፣ በስንት ደረጃ?» እንበል። ለዚህ ጥያቄ ቀን ቆርጠው መመለስ አለባቸው። እንግሊዝኛውን እኔ እጽፈዋለሁ፤ ማክሰኞ ይደርሳችኋል።

ነርሷ፦ ይህ ጥሩ ነው። ይግባ።

አዲስ አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ የጥገኝነት ጉዳዬ እስኪታይ ሆቴል ነው የቆየሁት። የዚያ ሆቴል ኪራይ የተከፈለው ከዚሁ የእርዳታ በጀት ላይ ነው። በ2023 ብቻ 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ እዚሁ አገር ውስጥ ለስደተኞች ወጥቷል፤ ከጠቅላላው እርዳታ ከሩብ በላይ ማለት ነው። ደንቡ ይፈቅድላቸዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ በእርዳታ ይቆጠራል። ግን እኔ የተኛሁበት አልጋ ለአንድ ወረዳ የተሰጠ ተብሎ መቆጠሩ ያመኛል። የሚጠለል ሰው ይጠለል፤ ሒሳቡ ከሌላ ቋት ይውጣ። ይህ በደብዳቤው ይግባልኝ።

ኦዲተር፦ እሱ ይግባ። ማኅተሙስ?

ገንዘብ ያዥ፦ አዲስ እናሠራ ካላችሁ ገንዘቡ ያለው የአዳራሽ ኪራይ ላይ ነው። ከዚያ አልነካም።

መሥራች አባል፦ አዲስ ከተሠራ አሮጌው ምን ሊሆን ነው? ሁለት ማኅተም ያለው ማኅበር የት አይታችኋል? ነገ በአሮጌው የተመታ ደብዳቤ አንድ ቢሮ ቢደርስ ማን ይጠየቃል?

የሴቶች ክፍል፦ እኔ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ለሰው ክብር ከሰጣችሁት ይሰጣችኋል። ግን ታክሲ ነጂው መጀመሪያ ቃሉን ያንሳ።

ታክሲ ነጂው፦ ለእርስዎ ስል አንስቻለሁ፣ እትዬ። አሁን እኔም የምለው አለኝ። ለድሃ አገር ገንዘብ የምንልከው እኛ ነን። በየወሩ። ለ2030 ከተቀመጡት የተባበሩት መንግሥታት ግቦች ውስጥ የሐዋላ ክፍያ ከ3 በመቶ በታች ይውረድ የሚል አለ። በዓለም ደረጃ አማካዩ በ2025ም ከ6 በመቶ በላይ ነበር። መንግሥት ይህን ቢያስተካክል የእናቴ እጅ ላይ ይደርሳል። የ0.7 ነገር ማን እጅ እንደሚደርስ አላውቅም።

መሥራች አባል፦ ልክ ነው። ይህ ይቅደም።

ገንዘብ ያዥ፦ እደግፋለሁ። አባላትም የሚፈርሙት ይህን ነው።

ጸሐፊ፦ ሐዋላው ይግባ፤ ግን ዋናውን እንዳይውጠው እፈራለሁ። እኛ የምንልከው ዘመድ ላለው ነው። ውጭ አገር ሰው የሌለው ገበሬ ከማን ይጠብቅ? ሐዋላ ቤት ያሳድራል፣ ልጅ ያስተምራል። ክትባት አይገዛም፤ ለወረዳው ሁሉ ውኃ አያወጣም። መንግሥት ቃል የገባው እኛ የማንደርስበትን ሊሸፍን ነው። እኛ ከኪሳችን ስላወጣን እሱ ከቃሉ ነፃ አይወጣም። ይህን የማይል ደብዳቤ ከሆነ ስሜን አላስገባም።

ነርሷ፦ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የወጣቶች ክፍል፦ ማክሰኞ አልፏል። እንግሊዝኛው የታለ?

ጸሐፊ፦ የሕግ ተማሪውን ደውዬለት ነበር፤ አያነሳም። መልእክትም አያይም።

የወጣቶች ክፍል፦ ፈተና ላይ ይሆናል። እኔ እሞክራለሁ፤ የሕጉን ክፍል ግን እንደሱ አልችልበትም።

የሴቶች ክፍል፦ አበልጄን አግኝቻቸዋለሁ። ማኅተሙን ለጠቅላላ ጉባኤ እንጂ ለኮሚቴ አላስረክብም ብለዋል። ምስጋና በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍላቸውም ይፈልጋሉ። ይገባቸዋል።

ኦዲተር፦ እንግዲያው ጉባኤ ይጠራ።

ገንዘብ ያዥ፦ ረቂቅ 3ን እንዲህ አሳጥሬዋለሁ። አንደኛ፣ የሐዋላ ክፍያ። ሁለተኛ፣ የሆቴሉ ወጪ። ሦስተኛ፣ መንግሥት የእርዳታ ቃሉን «እንዲያስብበት»። ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ ብዬ የሴፍቲኔቱንና የሕፃናቱን አንቀጽ አውጥቻለሁ። የጉባኤው አጀንዳ ማኅተም ማስረከብ፣ ምስጋና፣ ከዚያ ደብዳቤው።

ጸሐፊ፦ «እንዲያስብበት»? 0.7 የሚለው ቁጥር ራሱ የለም። የመመለሻው ጥያቄም የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁጥር ሲበዛ አያነቡትም። ጉባኤው ላይ አንሳው።

ጸሐፊ፦ መንግሥት የወጪ ዕቅዱን ለማውጣት እኛን አይጠብቅም። የእኛ ጉባኤ መቼ ነው?

ኦዲተር፦ በደንባችን መሠረት ከ21 ቀን በፊት ጥሪ ይደረጋል። አዳራሹም ክፍት መሆን አለበት።

ነርሷ፦ እኔ ረቂቅ 2ን ከነቁጥሩ፣ ከነሕፃናቱ፣ በስሜና በፖስት ኮዴ ሰኞ እልካለሁ። አብሮኝ መላክ የሚፈልግ በግል ይጻፍልኝ።

ኦዲተር፦ በማኅበሩ ስም እንዳይሆን።