ሐረማያ ሐይቅ ላይ መረባችንን ጀልባ እየበጠሰብን ተቸግረናል

ሰላም ወገኖች፣ ከሐረር ነው የምጽፈው። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውኃው ከተመለሰ ወዲህ እኔና ጓደኞቼ ማታ መረብ ጥለን ጠዋት ቆሮሶ ዓሣ እናወጣለን። ችግሩ ቅዳሜና እሁድ ነው። ገና ሳናወጣ የሽርሽር ጀልባዎች ላዩ ላይ ይነዳሉ፤ ሞተሩ መረቡን ጠቅልሎ ይበጥሰዋል። ዝቅ አድርገን እንዳንጥለው ውኃው ጥልቀት የለውም። ለምልክት ባዶ ሃይላንድ አስረንበታል፣ ከሩቅ ግን ቆሻሻ ይመስላል (ቆሻሻውም ሞልቷል)። ባለጀልባው «ሐይቁ የአባትህ ነው እንዴ?» ይለኛል። እሱም ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ልጣላው አልፈልግም። ዝዋይና ባሕር ዳር ያላችሁ፣ የምትከፋፈሉት ሰዓት ነው ወይስ ቦታ? ከሩቅ የሚለይ ምልክትስ ከምን ትሠራላችሁ? ብንስማማ ደግሞ የሚያዋጣው ቀበሌ ነው ሽማግሌ?